በጉበት ካንሰር ላይ የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ምርመራ ፋይዳ እና የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ሊያውቁት የሚገባ መረጃ

የጉበት ካንሰር ምልክቱ ዘግይቶ የሚታይ በሽታ ነው። ጉበት አብዛኛው ክፍሉ ተጎድቶም ሥራውን ለረጅም ጊዜ ስለሚቀጥል፣ ብዙ ታካሚዎች ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት ሆዳቸው ውኃ ሲቋጥር፣ ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ወይም ክብደታቸው ያለ ምክንያት ሲቀንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና ኢትዮጵያን ጨምሮ ዘጠኝ የአፍሪካ አገሮችን ያካተተ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከግብፅ ውጭ ባሉት አገሮች በሽታው ሲታወቅ የታካሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 46 ዓመት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜም 2 ወር ተኩል ብቻ ነው። በግብፅ ግን ይኸው ጊዜ ወደ 11 ወር ይጠጋል። በግብፅ በሽታው ቀደም ብሎ መታወቁና ታካሚዎች ሕክምና ማግኘታቸው ለልዩነቱ ዋነኛ ምክንያት ተደርጎ ይጠቀሳል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የበሽታውን አካሄድ አስቀድሞ ለማወቅ ይረዳል የተባለ፣ በዲኤንኤ ላይ የሚገኝ ምልክት የሕክምና ተመራማሪዎችን ትኩረት ስቧል። ይህ ጽሑፍ ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ እስከምን ድረስ እንደሚያገለግል እና ነዋሪዎች ዛሬ ሊያገኙት ስለሚችሉት አገልግሎት ያብራራል።

የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ምንድን ነው?

ዲኤንኤ በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፣ ሕዋሱ ሥራውን የሚያከናውንበት መመሪያ የተጻፈበት ሞለኪውል ነው። ሜቲሌሽን የሚባለው አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን የያዘ ትንሽ የኬሚካል ቅንጣት ከዲኤንኤው ፊደላት በአንዱ ላይ ሲያርፍ ነው። ሁኔታውን በድጓ ላይ ከሚታየው የዜማ ምልክት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከቃሉ በላይ የተጻፈው ምልክት ፊደሉን አይለውጥም፤ የሚዜምበትን መንገድ ግን ይወስናል። ሜቲሌሽንም እንደዚሁ የዘረመሉን ጽሑፍ ሳይቀይር፣ ዘረመሉ እንዲሠራ ወይም ዝም እንዲል ያደርጋል።

በጤናማ ሕዋስ ይህ ሥርዓት በየቦታው የተመጠነ ነው። በጉበት ካንሰር ግን ሚዛኑ ይዛባል። የሕዋስ መባዛትን የሚገቱ ዘረመሎች በምልክቱ ተሸፍነው ሥራቸውን ያቆማሉ፤ በሌላ በኩል ዝም ማለት የሚገባቸው የዲኤንኤ ክፍሎች ምልክታቸውን አጥተው ይከፈታሉ። መዛባቱ የሚጀምረው ካንሰሩ ከመታየቱ በፊት ነው። በሄፓታይተስ ቫይረስ ለዓመታት በተቆጣና ጠባሳ በያዘ ጉበት ላይም ተመሳሳይ ለውጦች ተገኝተዋል።

ምልክቱ ስለ በሽታው አካሄድ ምን ይናገራል?

በመጠን የሚቀራረብ ዕጢ ያለባቸው ሁለት ታካሚዎች ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ የአንዱ በሽታ ቶሎ ሲመለስ ሌላው ለዓመታት በጤና ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 304 ታካሚዎች መርምሮ፣ በዲኤንኤ ላይ የሚገኙ 36 ነጥቦች የሜቲሌሽን ሁኔታ በአንድነት ሲታይ በሽታው የሚከፋባቸውን ታካሚዎች ለመለየት እንደሚረዳ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በቻይና ከ1,000 በላይ የጉበት ካንሰር ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ ከዕጢው ወደ ደም የሚገባ ዲኤንኤ ላይ ያለው ሜቲሌሽን በሽታውን ለመለየትና አካሄዱን ለመገመት እንደሚያገለግል አመልክቷል። ይህ ደግሞ ከጉበት ናሙና መውሰድ ሳያስፈልግ በደም ምርመራ ብቻ መረጃ የማግኘት ተስፋ ሰጥቷል።

ይሁን እንጂ ምርመራው የታካሚውን ዕጣ የሚወስን አይደለም። ውጤቱ የሚነግረው በብዙ ታካሚዎች ላይ የታየን ዝንባሌ እንጂ የአንድን ሰው ቀሪ ዕድሜ አይደለም። በአሁኑ ወቅት ሐኪሞች የሕክምናውን ዓይነት የሚወስኑት በዕጢው ቁጥርና መጠን፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መሰራጨት አለመሰራጨቱን በመመልከት፣ እንዲሁም በጉበቱ የመሥራት አቅምና በታካሚው አጠቃላይ ጤንነት ላይ ተመሥርተው ነው። ስለሆነም ናሙና ወደ ውጭ አገር ልኮ በከፍተኛ ወጪ የሜቲሌሽን ምርመራ ለማሠራት የሚያስቡ ቤተሰቦች፣ ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጥ እንደሆነ አስቀድመው የሚከታተላቸውን ሐኪም ሊጠይቁ ይገባል።

ዛሬ ሊደረግ የሚችለው

በዲኤንኤ ላይ ምልክቶቹ የሚከማቹባቸው ዓመታት፣ ቀላል ምርመራና ክትትል ሕይወት የሚያተርፉባቸው ዓመታትም ናቸው። በአገራችን ለጉበት ካንሰር ከሚያጋልጡት ምክንያቶች መካከል የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች፣ የአልኮል መጠጥ እንዲሁም በሻጋታ በተበከለ እህልና ኦቾሎኒ ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይጠቀሳሉ። አፍላቶክሲን በተራ ማብሰል አይጠፋም፤ ስለዚህ የሻገተን እህል አጥቦ ወይም ቀቅሎ መጠቀም መፍትሔ አይሆንም።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ የሕፃናት መደበኛ ክትባት አካል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ አብዛኞቹ ዜጎች ክትባቱን በሕፃንነታቸው አላገኙም። በመሆኑም የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ ይመከራል፦

1. የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ያላደረጉ ሰዎች፣ በተለይም በቤተሰባቸው የጉበት በሽታ ያለባቸው፣ በአቅራቢያቸው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ስለ ምርመራው መጠየቅ፤

2. ነፍሰ ጡር እናቶች በቅድመ ወሊድ ክትትል ወቅት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ማድረግ፤ ቫይረሱ ከተገኘ ሕፃኑ እንዴት እንደሚጠበቅ ከመውለዳቸው በፊት ከባለሙያ ጋር መመካከር፤

3. ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ምንም ሕመም ባይሰማቸውም ክትትል አለማቋረጥ፤

4. የጉበት ጠባሳ ያለባቸውና በሐኪም ተጋላጭ ናቸው የተባሉ ሰዎች በየ6 ወሩ የአልትራሳውንድ ምርመራ ማድረግ፤

5. ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲላኩ የሪፈራል ወረቀት፣ የቀድሞ የምርመራ ውጤቶችን እና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት ከሆኑ መታወቂያቸውን ይዞ መቅረብ።

የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች የመጀመሪያውን አገልግሎት የሚያገኙት በየወረዳቸው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነው። ከዚያ በላይ ሕክምና ሲያስፈልግ ጤና ጣቢያው ወደሚመለከተው ሆስፒታል ይልካቸዋል። በአካባቢው የየካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ደግሞ የቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ከ1,000 በላይ ታካሚዎችን ተቀብሎ፣ ሕክምናውን በአገር ውስጥ አቅም መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ሁሉም መድኃኒት አይጀምሩም፤ ክትትል ግን ለሁሉም ያስፈልጋል።

ስለ «የወፍ በሽታ» እና ስለ ጠበል

የዓይን ቢጫ መሆን በኅብረተሰቡ ዘንድ «የወፍ በሽታ» ተብሎ ስለሚታወቅ፣ ብዙዎች ከሐኪም በፊት የባህል መድኃኒት ይሞክራሉ። አንዳንድ ዕፀዋት የታመመን ጉበት ይበልጥ ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ የወሰዱትን ሁሉ ለሐኪም መንገር ተገቢ ነው። በእንጦጦ ተራሮች በሚገኙ የጠበል ስፍራዎች ለሱባኤ የሚቆዩ ታካሚዎችም የታዘዘላቸውን መድኃኒት ይዘው መሄድና በሰዓቱ መውሰድ ይኖርባቸዋል። የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና አገርሽቶ ጉበትን ለከባድ አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ጸሎትና መድኃኒት ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

የሜቲሌሽን ጥናት ወደፊት የትኛው ታካሚ ይበልጥ ጥብቅ ክትትል እንደሚያስፈልገው ለመለየት እንደሚያግዝ ተስፋ ተጥሎበታል። ትልልቆቹ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ታካሚዎች ላይ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያውያን ታካሚዎችም መረጋገጥ ይኖርበታል። እስከዚያው ድረስ የሄፓታይተስ ምርመራ፣ ክትባት እና በየ6 ወሩ የሚደረግ ክትትል ዋነኞቹ የመከላከያ መንገዶች ሆነው ይቀጥላሉ።