በአሸዋ ላይ ልጓምን ማላላት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2020 ማለዳ ጂዳ ለዓለም የሞተር ስፖርት አዲስ በር ከፈተች። በአፍሪካ በረሃዎች ተወልዶ ከ2009 እስከ 2019 በደቡብ አሜሪካ ሲካሄድ የቆየው የዳካር ራሊ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተዛውሮ፣ የመጀመሪያ ጉዞውን ከዚህችው የቀይ ባሕር ዳርቻ ከተማ ጀመረ። ተወዳዳሪዎቹ በዚያ ዕለት ወደ ሰሜን፣ ወደ አል ወጅህ አቀኑ። ውድድሩ ጃንዋሪ 17 ቀን በሪያድ አቅራቢያ ቂዲያ ላይ ሲፈጸም በሞተር ብስክሌት ያሸነፈው አሜሪካዊው ሪኪ ብራቤክ ነበር። በ2021 ጂዳ የውድድሩ መነሻም መድረሻም ሆነች፤ ድሉም የአርጀንቲናዊው ኬቪን ቤናቪዴስ ሆነ። በ2022 ደግሞ እንግሊዛዊው ሳም ሰንደርላንድ አሸናፊነቱን ያረጋገጠው በዚህችው ከተማ ነው።

ያ በረሃ ዛሬ በቤት ውስጥ፣ በቴሌቪዥን መስኮት ላይም ይገኛል። ሳበር ኢንተራክቲቭ የተባለው ኩባንያ በኦክቶበር 2022 ለገበያ ያቀረበው «ዳካር ዴዘርት ራሊ» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ የሳዑዲን ሜዳ፣ ኮረብታና የአሸዋ ክምር መድረኩ አድርጓል። ጨዋታው ስፖርት፣ ፕሮፌሽናልና ሲሙሌሽን በሚባሉ ሦስት ደረጃዎች የተከፈለ ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን እንደ «ኤምኤክስ ባይክስ» ያሉ፣ የሞቶክሮስ ሞተር ብስክሌትን ባሕርይ በጥንቃቄ የሚመስሉ ጨዋታዎች በወጣቶች ዘንድ ይታወቃሉ። ሁለቱ የሚለያዩት በመድረካቸው ነው። ሞቶክሮስ በአጭር፣ ዝላይና ኩርባ በበዛበት ዙር ላይ ይካሄዳል፤ ራሊ ግን ለቀናት የሚዘልቅ የበረሃ ጉዞ ነው። አነዳዱ ግን አንድ መሠረት አለው። በሁለቱም ዘርፍ በትልቁ መደብ የሚፈቀደው ሞተር እስከ 450 ሲሲ ነው፤ ከዳካር ሞተረኞችም ብዙዎቹ የተገኙት ከሞቶክሮስና ከኢንዱሮ ሜዳ ነው።

እነዚህን ጨዋታዎች አዲስ የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የሚያሳልፈው በመውደቅ ነው። ከሌሎች የመኪና ጨዋታዎች የለመደውን ይዞ ይመጣል፤ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይሰጣል፣ ኩርባ ሲደርስ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ይይዛል፣ ሞተሩ ሲንገዳገድ መሪውን ወዲያና ወዲህ ይመልሳል። ሞተር ብስክሌት ግን በሁለት ጎማ የቆመ ነገር ነውና ከእልህ ይልቅ እርጋታን ይሻል። ለጀማሪው የሚሰጠው ምክር ሁሉ፣ ዝርዝሩ ቢበዛም፣ ወደዚህ አንድ ነጥብ ይመለሳል።

ከመነሣት በፊት

ሥራው የሚጀምረው ከጆይስቲኩ ነው። የቴሌቪዥኑን የምስል ምርጫ ወደ «ጌም ሞድ» መቀየር በጣት እንቅስቃሴና በምስሉ መካከል ያለውን መዘግየት ይቀንሳል። በረጅም አገልግሎት የላላ የጆይስቲክ ዘንግ ሳይነካ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ በመሐሉ ያለውን ምላሽ የማይሰጥ ክፍተት በጥቂቱ ማስፋት ይገባል። ክፍተቱ ከልክ በላይ ከሰፋ ግን መሪው ዘግይቶ ይታዘዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጨዋታው ለጀማሪ የሚሰጠው እገዛ ነው። ማርሹን ራሱ የሚቀይር፣ የፊትና የኋላ ፍሬንን አጣምሮ የሚይዝ፣ የነጂውን አካል በራሱ የሚያዘነብል እገዛ አለ። ሁሉንም በአንድ ቀን ማጥፋት ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሁሉንም ትቶ መቀጠልም ምንም አያስተምርም። መጀመሪያ ሁለቱን ፍሬኖች መለየት፣ ከዚያ የአካልን እንቅስቃሴ በራስ እጅ ማድረግ፣ በመጨረሻም ማርሽን መረከብ የተሻለው ቅደም ተከተል ነው። ፍሬኑ የሚቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። የፊት ፍሬን ለማቆም የበለጠ ኃይል አለው፤ በአሸዋ ላይ ግን በድንገት ሲያዝ የፊት ጎማውን ቀብሮ ነጂውን ይጥላል። የሁለቱን ልዩነት በጣቱ ያላወቀ ሰው ለምን እንደወደቀ አያውቅም።

ሞተሩን ለሜዳው ማዘጋጀት

በሞቶክሮስ ጨዋታዎች ጋራዥ ውስጥ ተጫዋቹን የሚያስፈራው የቁጥሮች ብዛት ነው። ቁጥሮቹ ግን ሦስት ጥያቄዎችን ብቻ ይመልሳሉ፦ ሞተሩ ነጂው ሲቀመጥበት ምን ያህል ዝቅ ይላል? ሾክ አብዞርበሩ በምን ፍጥነት ይጨመቃል? ከተጨመቀ በኋላስ በምን ፍጥነት ይመለሳል?

የመጀመሪያው መነሻ ነው። የሞቶክሮስ ሞተር የኋላ ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች በጠቅላላው 300 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ነጂው ሲቀመጥበት ከዚህ ውስጥ ከ100 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል ማድረግ በእውነተኛው ሜዳ የተለመደ ነው። የኋላው ክፍል ከዚህ በላይ ዝቅ ሲል የፊቱ ይቀልላል፤ ሞተሩ በቀጥታ መንገድ ይረጋጋል፣ በኩርባ ላይ ግን ለመታጠፍ ይከብደዋል። ከፍ ሲል ተቃራኒው ይሆናል። ለአሸዋ ሜዳ የኋላውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ የሚመከረው የፊት ጎማው እንዳይቀበር ነው።

ሁለተኛው የመጨመቅ ልክ ነው። ሞተሩ ከዝላይ ሲያርፍ ከታች የሚመታ ከሆነ መጠንከር አለበት፤ በትንንሽ ጉብታዎች ላይ ነጂውን የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ መላላት አለበት። በአሸዋ ላይ የሚፈጠሩት ተከታታይ ጉብታዎች ትልልቅና ጥልቅ በመሆናቸው የፊቱን ማጠንከር ይጠቅማል። ሦስተኛው የመመለሻው ልክ ነው። ሞላው ፈጥኖ ከተመለሰ የኋላው ጎማ እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ ከልክ በላይ ከዘገየ ደግሞ በተከታታይ ጉብታዎች መካከል ለመነሣት ጊዜ ስለማያገኝ ሞተሩ እየሰመጠ ይሄዳል።

ከእነዚህ ጎን ለጎን አሸዋ የሞተርን ጉልበት እንደሚበላ መዘንጋት አይገባም። በኋላው ጎማ ላይ ካቴናው የሚዞርበትን ክብ በአንድ ጥርስ ማሳደግ ከፍተኛውን ፍጥነት በጥቂቱ ቢቀንስም፣ ከኩርባ ሲወጡ ጉልበት ይሰጣል።

የማስተካከያው ዋና ሕግ ግን ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር። ሁለት ነጥብ ያህል ቀይሮ በዚያው ሜዳ ሦስት ዙር መንዳት፣ የተሰማውንና የተመዘገበውን ሰዓት በማስታወሻ ደብተር ማስፈር፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ያስፈልጋል። ሦስት ነገር በአንድ ላይ የቀየረ ሰው ሰዓቱ ቢሻሻል እንኳ የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

በኮርቻው ላይ

አነዳድ በቆመ አካል ይጀምራል። ነጂው በመርገጫዎቹ ላይ ሲቆም እግሮቹ ሁለተኛ ሾክ አብዞርበር ይሆኑለታል፤ ሞተሩም ከሥሩ በነፃነት ይንቀሳቀሳል። በአሸዋ ላይ የአካልን ክብደት ወደ ኋላ መውሰድ፣ ነዳጁን ሳያቋርጡ በእኩል መጠን መስጠትና መሪው በትንሹ ሲወዛወዝ መታገስ ያስፈልጋል። ያን ውዝዋዜ ለማስቆም የሚደረገው ትግል ነው ጀማሪን የሚጥለው። በኩርባ ላይ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፍ በፊት ነው፤ መታጠፍ ከተጀመረ በኋላ ሥራው ክብደትን ወደ ውጭኛው መርገጫ ማድረግና ነዳጁን ቀስ በቀስ መጨመር ይሆናል።

በዝላይ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። ሞተሩ በአየር ላይ ሳለ ነዳጅ ሲሰጠው አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፤ የኋላ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ታች ያዘነብላል። የኋላው ጎማ ፍጥነቱ ሲጨምርና ሲገታ የተቀረውን አካል በተቃራኒው ስለሚያዞረው ነው። ጥሩ ጨዋታዎች ይህን የተፈጥሮ ሕግ በትክክል ስለሚመስሉ፣ ከዝላይ ክፉኛ ሊያርፍ የነበረ ነጂ በጣቱ ጫፍ ራሱን ሊያድን ይችላል።

የአሸዋ ክምርን የሚወጣ ሰው ጉልበቱን ከታች ማከማቸት፣ ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል ግን ነዳጁን መቀነስ አለበት። ነፋስ የሠራው ክምር በአንድ ወገኑ ዝግ ብሎ ይወጣል፤ በሌላው ወገን ከ30 ዲግሪ በሚበልጥ ቁልቁለት ሊወርድ ይችላል። ከጫፉ ወዲያ ያለው ስለማይታይ በሙሉ ፍጥነት የሚዘልለው የት እንደሚያርፍ አያውቅም።

በዳካር ጨዋታ ከፍተኛ ደረጃዎች ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጨመራል፤ የመንገድ መጽሐፍ ንባብ። መጽሐፉ ርቀትን፣ አቅጣጫንና አደጋን በምልክት ያሳያል፤ ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክቶች የተደረደሩበት ቦታ ከሁሉ የከፋ አደጋ ያለበት ነው። በእውነተኛው ውድድር የመኪና ነጂ ከጎኑ መንገድ አንባቢ አለው፤ ሞተረኛው ግን ለብቻው ይነዳል፣ ለብቻው ያነባል። መንገድ የሳተ ፈጣን ነጂ መንገዱን ባልሳተ ዝግተኛ ነጂ ይቀደማል።

ከዐረፋ ወደ ሙዝደሊፋ

አሸዋን በእርጋታ መንዳት ለዚህ ምድር አዲስ ትምህርት አይደለም። ከጂዳ በስተ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው መካ፣ ጨዋታና ውድድር በማይነጻጸሩበት የዒባዳ ሰዓት፣ ስለ መጋለብ የተነገረ ታሪክ አለ። ሰሐባው ጃቢር ኢብን አብዱላህ (ረ.ዐ.) ስለ ስንብቱ ሐጅ ባስተላለፉት ዘገባ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.) ከዐረፋ ወደ ሙዝደሊፋ ሲጓዙ የግመላቸውን የቀስዋእን ልጓም አጥብቀው እንደያዙና ሕዝቡ እንዲረጋጋ በቀኝ እጃቸው እንዳመለከቱ ይነገራል። የአሸዋ ጉብታ ባጋጠማቸው ቁጥር ግን ግመሏ እስክትወጣው ድረስ ልጓሙን በጥቂቱ ያላሉላት ነበር።

ሕዝብ በሞላበት መጠበቅ፣ በጉብታው ላይ ማላላት፣ በሁሉም መሐል መረጋጋት፤ ለእንስሳዋ ከሚደረግ እዝነት ጋር፣ የበረሃ መንገድን የሚያውቅ ጋላቢ ማስተዋል በዚህ ዘገባ ውስጥ ይታያል። በሐጅ ወቅት ያንን መንገድ በእግሩ የተጓዘ ሰው ደግሞ እርጋታ የነፍስ ጉዳይ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል።

ማያ ገጹ የማያሳየው

ጨዋታው የወደቀን ነጂ በአንድ ቁልፍ ያነሣል። እውነተኛው በረሃ ይህ ቁልፍ የለውም። ከጂዳ በተጀመረው የመጀመሪያው የሳዑዲ ዳካር፣ በጃንዋሪ 12 ቀን 2020፣ ልምድ ያለው ፖርቱጋላዊ ሞተረኛ ፓውሎ ጎንሳልቬስ በሰባተኛው ቀን ጉዞ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። የ40 ዓመት ሰው ነበር። በሥፍራው የደረሰው አውስትራሊያዊው ቶቢ ፕራይስ ውድድሩን አቁሞ ከጎኑ ቆየ። በማግስቱ የሞተረኞቹ ውድድር ተሰረዘ። በዳካር ሕግ ለወደቀ ጓደኛው የቆመ ነጂ ያጠፋው ጊዜ ይመለስለታል።

በቀጣዩ ዓመት ሞተረኞች ሲወድቁ በአየር የሚሞላ መከላከያ ሰደርያ እንዲለብሱ ግዴታ ሆነ፤ እያንዳንዱ ሞተረኛ የሚጠቀምባቸው የኋላ ጎማዎችም በስድስት ተወሰኑ። ጎማውን በከንቱ የሚያሽከረክር ነጂ ሳይጨርስ ጎማው ያልቅበታልና ደንቡ ራሱ እርጋታን የሚያስተምር ነው።

የጂዳ ተወላጇ ዳንያ ዐቂል ታሪክም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሞተር ብስክሌት ውድድር ፈቃድ ካገኙት ቀዳሚ የሳዑዲ ሴቶች አንዷ የሆነችው ዳንያ፣ በ2020 ባሕሬን ውስጥ በውድድር ላይ ወድቃ ብርቱ የአጥንት ጉዳት ደረሰባት። ካገገመች በኋላ ወደ ቀላል የበረሃ ተሽከርካሪ ዞራ በ2022 የዳካርን ጉዞ እስከ ጂዳ ፈጸመች። ከውድቀት በኋላ ደፋር መሆን ብቻ አልበቃትም፤ ለአካሏና ለሁኔታዋ የሚስማማውን መንገድ መረጠች።

በጂዳ ጎዳናዎች ላይ በሞተር ብስክሌት ምግብና ዕቃ እያደረሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ስደተኛ ወጣቶች በርካታ ናቸው። ከመካከላቸው በዕረፍት ሰዓቱ ጆይስቲክ የሚይዝ ቢኖር፣ ከጨዋታው ወደ ጎዳናው ሊወስደው የሚገባው ፍጥነቱን አይደለም። ከኩርባ በፊት ፍሬን መያዝን፣ የማይታይ ጫፍ ሲቃረብ ነዳጅ መቀነስን፣ የወደቀ ሲያዩ መቆምን ነው። ግመልን አስሮ በአላህ የመመካትን ምክር የሚያውቅ አማኝ የራስ ቁሩን ሳያጠልቅ ሞተር አያስነሣም።

ለዛሬ ምሽት ጀማሪ ግን ሥራው ቀላል ነው። የኋላውን ሾክ አብዞርበር በሁለት ነጥብ ማላላት፣ ሦስት ዙር መንዳት፣ ሰዓቱን በደብተር መጻፍ። በአራተኛው ዙር ሞተሩ በአሸዋው ላይ መወዛወዝ ሲጀምር፣ ጣቶቹን ፈታ አድርጎ መንገዱን እንዲያገኝ መተው።