ጥጃዋን ያልተነጠቀች ላም

በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ ጌትሃውስ ኦፍ ፍሊት በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ሬይንተን የተሰኘ የወተት እርሻ አለ። ባለቤቶቹ ዴቪድና ዊልማ ፊንሌይ በ2012 እ.ኤ.አ. ላሞቻቸው ሲወልዱ ጥጃውን ከእናቱ ሳይነጥሉ ለማሳደግ ሞከሩ። ሙከራው ኪሳራ አስከተለ። ጥጆቹ የጠቡት ወተት ከታሰበው እጅግ በለጠ፤ ለገበያ የተረፈው ወጪውን አልሸፍን አለ፤ ባልና ሚስቱም ነገሩን ተዉት። በ2016 ግን እንደገና ጀመሩት፤ ይኸኛው ጸና።

ጥጃ ከእናቱ ጋር መዋሉ ምን ይደንቃል የሚል አንባቢ ይኖራል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አብዛኛው የወተት እርሻ ውስጥ ጥጃው በተወለደ በሰዓታት፣ ቢዘገይ በአንድ ቀን ውስጥ ይነጠላል። ከዚያ በኋላ ለብቻው በረት ገብቶ ወተት ወይም በውኃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት በባልዲና በጡጦ ይጠጣል። አርቢዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ግልጽ ነው። ወተቱ ይሸጣል፤ ከአዋቂ ከብት ወደ ጥጃ የሚተላለፍ በሽታ ይቀንሳል፤ መለያየታቸው ካልቀረ ደግሞ ሳይላመዱ በጊዜ ቢሆን ይሻላል።

የበሽታው ነገር በቁም ነገር መታየት አለበት። ጥጃ ሲወለድ በሽታ መከላከያው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ የእናቱ የመከላከያ ኃይል በማኅፀን አይደርሰውም። የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱ ይህን ኃይል ወደ ደሙ የሚያሳልፈው ደግሞ በመጀመሪያው አንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ከእናቱ ጋር ያለ ጥጃም ቢሆን ቶሎ መጥባቱን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ ግን፣ በጊዜ መነጠል ለጤና ይበጃል የሚለውን አጠቃላይ እምነት የሚደግፍ ማስረጃ አላገኙም።

ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ የ2014 ጥናት ልብ ይነካል። ጥጆች ቀይና ነጭ ስክሪን እንዲለዩ ተደረገ፤ አንዱ ቀለም ወተት ያስገኛል፣ ሌላው አያስገኝም። ቀጥሎ በሁለቱ መካከል ያለ አሻሚ ቀለም ታየ። ከእናታቸው የተለዩት ጥጆች ወደ አሻሚው ቀለም መጠጋት ቀነሱ፤ ደግ ነገር መጠበቅ አቃታቸው ማለት ነው። ተመሳሳይ ለውጥ የታየው ቀንዳቸው በጋለ ብረት ከተተኮሰ በኋላ ነበር።

እንግዲህ ሬይንተን በሁለተኛው ሙከራ እንዴት ቻለበት? ጥጆቹ ሌሊት ለብቻቸው ያድራሉ፤ ላሞቹ ጠዋት ይታለባሉ፤ ከዚያ እናትና ልጅ ቀኑን ሙሉ አብረው ይውላሉ። ጥጃው አምስት ስድስት ወር እንዲህ ያድጋል። ወተቱ አይብ ሆኖ፣ አሠራሩን ለሚያውቅ ደንበኛ ይሸጣል።

ይህን የሚያነብ የገጠር ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። በኢትዮጵያ ገጠር ጥጃ ሌሊት ታስሮ ያድራል፤ ጠዋት ይለቀቅና እናቱን ትንሽ ጠባ ጠባ ያደርጋል፤ ከዚያ ፊት ለፊቷ ይታሰርና እሷ ስትልሰው አላቢው ማለቢያውን ይዞ ይቀመጣል። በመጨረሻ የተረፈው ለጥጃው ነው። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም። ጥጃው ሲጠባና ሲታይ በላሟ ደም ውስጥ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይለቀቃል፤ ያለዚህ ሆርሞን ወተቱ ከግቷ አይወርድም። የፈረንጅ ላም በማለቢያ ማሽን ድምፅና በእጅ ማሸት ብቻ ትለምዳለች፤ የአገር ቤት ላም ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥጃዋን ካላየች ወተቷን ትይዛለች። ጥጃ የሞተባት ላም እንዳትነጥፍ ቆዳውን ገፎ፣ ገለባ ሞልቶ ፊቷ ማቆምም የመጣው ከዚሁ ነው።

እንደ ሬይንተን ጥጃን ከእናቱ ጋር ማሳደግ ግን አንድ ችግር አለው፤ የዘገየ መለያየት የበለጠ ያስጮሃል። ሁለት ሳምንት አብረው የቆዩ ላምና ጥጃ፣ በማግስቱ ከተለያዩት ይልቅ አምርረው እምቧ እንደሚሉ በጥናት ታይቷል። መፍትሔው በደረጃ ማስጣል ነው። ጥጃው አፍንጫ ላይ መጥባት የሚከለክል ቀላል ፕላስቲክ ይንጠለጠላል፤ ሣር ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ከእናቱ ጎንም ይተኛል፤ ወተቱን ብቻ ይተዋል። መለያየቱ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ ጩኸቱም በእጅጉ ይቀንሳል።

በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ የተዳቀሉ ላሞች የሚያረቡ ሰዎች ዛሬ ብዙዎቹ ወደ ባልዲው ሄደዋል። ከዘመናዊነት ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ ብቻ የተሻለ ነው ብሎ መቀበል ግን ያሳዝናል፤ ባልዲውን ያስተማሩት አገሮች ራሳቸው መለስ ብለው እየመረመሩት ነውና። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ባወጣው ሳይንሳዊ አስተያየት ጥጃው ቢያንስ ለአንድ ቀን ያህል ከእናቱ ጋር እንዲቆይ፣ ረዘም ያለ አብሮ መኖርም ቀስ በቀስ እንዲስፋፋ መክሯል። ግቢው ጠቦ ላምና ጥጃን አብሮ ማዋል ለማይችል አርቢም የቀረለት ነገር አለ፤ ሁለት ጥጆችን በአንድ በረት ማሳደግ። ለብቻው ከሚያድገው ይልቅ ጓደኛ ያለው ጥጃ መኖ ቶሎ ይለምዳል፤ አዲስ ነገር ሲገጥመውም ያን ያህል አይደነግጥም።