ፍሳሽን ያለ አየር መንፊያ ማጣራት፦ የባዮኤሌክትሮኬሚካል ሥርዓቶች ተስፋና ገደብ

የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያጠነጥናል፦ የከተማ ፍሳሽን ለማጣራት ይህን ያህል ኃይል የምናወጣው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1914 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ይፋ የሆነው አክቲቬትድ ስላጅ የተሰኘ ዘዴ ዛሬም በስፋት ይሠራበታል። በዚህ ዘዴ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን እንዲመገቡ ወደ ገንዳው ያለማቋረጥ አየር ይነፋል። ከጣቢያው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ግማሽ ያህሉን የሚወስደውም ይኸው ሥራ ነው። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥባቸው ከተሞች መንፊያው ሲቆም፣ በወጉ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ ይገባል።

የሚያስገርመው ግን ፍሳሹ ራሱ ኃይል ያዘለ መሆኑ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ብክለት ኬሚካዊ የኦክስጅን ፍላጎቱ 500 ግራም ቢሆን፣ የያዘው ኃይል በስሌት ወደ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ያንኑ ውሃ በተለመደው ዘዴ ለማጣራት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት እናወጣለን።

ባክቴሪያ ምግቡን ሲያፈርስ ኤሌክትሮኖች ይለቅቃል፤ የምንነፋው ኦክስጅን ተግባርም እነዚህን መቀበል ነው። ይሁንና እንደ ጂኦባክተር ያሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን በሌለበት ኤሌክትሮኖቹን ከሕዋሳቸው ውጭ ላለ ጠጣር ነገር ማስረከብ ይችላሉ። ያ ጠጣር በተፈጥሮ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ እኛ ደግሞ በቦታው የካርቦን አኖድ እናኖርላቸዋለን። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ ወደ ካቶድ ሄደው፣ በራሱ ጊዜ ከሚገባው አየር ኦክስጅን ጋር ውሃ ይሠራሉ። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ኤሌክትሪክ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፖተር የተባሉት የደርሃም ዩኒቨርሲቲ ምሁር ደቂቅ ዘአካላት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ያሳዩት በ1911 ነው። በ2004 በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ከቤት ፍሳሽ ብክለቱን እስከ 80 በመቶ አስወገዱ። የተገኘው ኃይል ግን በካሬ ሜትር ኤሌክትሮድ ቢበዛ 26 ሚሊዋት ብቻ ነበር።

ይህ ለምን ሆነ? በንድፈ ሐሳብ 1.1 ቮልት ያህል የሚጠበቅበት ሴል በሥራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 ቮልት በታች ይሰጣል። የከተማ ፍሳሽ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ስለሆነ፣ በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን ብክነቱ ይጨምራል። ካቶዱም ከጊዜ ብዛት በደለልና በጨው ይደፈናል።

በሰሜን እንግሊዝ በሃውደን ማጣሪያ ጣቢያ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ሞከሩ። በ120 ሊትር መሣሪያ ላይ አነስተኛ ቮልቴጅ ጨምረው፣ በካቶዱ ከእውነተኛ ፍሳሽ ሃይድሮጂን አመረቱ። በ2013 ባወጡት ውጤት ካስገቡት ኤሌክትሪክ 70 በመቶ የሚያህለውን በሃይድሮጂን መልክ መልሰው አግኝተዋል፤ መሣሪያውም ሳይሞቅ ብርዱን ችሎ ከ3 ወራት በላይ ሠርቷል። ያስወገደው ብክለት ግን በአማካይ 34 በመቶ ነበር፤ ይህ ውሃውን ወደ ወንዝ ለመልቀቅ አያበቃም።

ከዚህ የምደርስበት መደምደሚያ ባክቴሪያዎቹ ድርሻቸውን ተወጥተዋል፤ የቀረው የምሕንድስናው ሥራ ነው የሚል ነው። የሥርዓቱ ዋጋ የሚለካው ለገበያ በሚያቀርበው ኤሌክትሪክ ሳይሆን በሚያስቀረው የአየር መንፋት ወጪ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ውጤታቸውን በዋት ብቻ እንዳይገልጹ አደራ እላለሁ። በእውነተኛ ፍሳሽ ላይ ምን ያህል ብክለት እንደተወገደ፣ ለዚያም ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደወጣ አብረው ያስፍሩ።