ባሕር በሳሎን፦ ከኮራል ገንዳ ጋር ትውውቅ

ኮራልን ቀርቦ ያላወቀ ሰው ሲያየው ወይ ድንጋይ ነው ይላል ወይ አበባ። ሁለቱም አይደለም፤ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ጎን ለጎን ተሰድረው፣ ከውኃው የቀሰሙትን ካልሲየም ከሥራቸው እያጠነከሩ የኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራሉ። ቤቱ ለሺህ ዓመታት ሲደራረብ መርከብ የሚሰብር ሪፍ ይሆናል። ይህንኑ ሕይወት ከነዓሣው፣ ከነሸርጣኑና ከነቀንድ አውጣው በመስተዋት ገንዳ ውስጥ በቤት ማኖር ይቻላል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የዓሣ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው ገንዳውን በሰማያዊ ብርሃን ተንቆጥቁጦ ያየዋል፤ አይቶም ይመኘዋል።

ሱቅ ውስጥ ሲታይ ነገሩ የዓሣ ጉዳይ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የኮራል ገንዳ የሚያቆም ሰው መጀመሪያ የሚያረባው ባክቴሪያ ነው፤ ቀጥሎ የሚጠብቀው ውኃ ነው፤ ዓሣና ኮራል የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ገንዘቡንም እንስሳቱንም ያጣል።

ከለንደን መስኮት እስከ ጃካርታ

ኮራልን በቤት የማኖር ሙከራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1846 አና ቲን የተባሉ እንግሊዛዊት ከቶርኪ ባሕር ዳርቻ ያገኟቸውን ኮራሎች በዕቃ አድርገው ወደ ለንደን ወሰዱ። ከባሕር የራቀ ቤት ውስጥ ውኃው እንዳይታፈን፣ የቤት ሠራተኛቸው በየቀኑ በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ ከዕቃ ወደ ዕቃ ታንቆረቁረው ነበር። ያን ድካም ዛሬ ፓምፕ ተክቶታል፤ ምክንያቱ ግን ያው ነው። ካልተንቀሳቀሰ ውኃ ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፤ ኦክስጅን ባለቀበት ውኃ ደግሞ ዓሣም ኮራልም አይኖርም።

የእርሳቸው ኮራሎች የቀዝቃዛ ባሕር ነበሩ። የሞቃት ባሕር ኮራልን በቤት በማኖር ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ናቸው። በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ አርቢዎች መጽሔት ላይ ያስነበቡት ዘዴ ሰውን ያስገረመው በቀላልነቱ ነበር፦ የፀሐይ ብርሃን፣ ጥቂት የአየር አረፋ፣ ከባሕር ከነሕይወቱ የወጣ ድንጋይ። የተለየ ማጣሪያ አልነበራቸውም፤ ማጣሪያው ድንጋዩ ራሱ ነበር። በ1970ዎቹ ፒተር ቪልከንስ የተባሉ አርቢ የኖራ ውኃ እያንጠባጠቡ ኮራል የሚፈልገውን ካልሲየም መተካት እንደሚቻል አስተማሩ። የበርሊን አርቢዎች ደግሞ ሕያው ድንጋዩን ከኃይለኛ መብራትና ፕሮቲን ስኪመር ከሚባለው መሣሪያ ጋር አጣመሩት። በዛሬዎቹ አብዛኞቹ የቤት ገንዳዎች ውስጥ ያለው መሠረት ይኸው የበርሊን ዘዴ የሚባለው ነው።

ውኃው ከየት ይመጣል?

ጀማሪ ሰው ትንሽ ገንዳ ይቀላል ብሎ ያስባል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። በትንሽ ውኃ ውስጥ የሞተ አንድ ቀንድ አውጣ ሁሉን ሊመርዝ ይችላል፤ ብዙ ውኃ ግን ስሕተትን ይሸከማል። ለመጀመሪያ ጊዜ 200 ሊትር አካባቢ ጥሩ ልክ ነው። መስተዋቱ፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲጨመሩበት ክብደቱ ከ250 ኪሎ ግራም ያልፋልና የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። የራሱ ጠንካራ መቆሚያ፣ የተስተካከለ ወለል፣ የቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ጥግ ያስፈልገዋል።

የቧንቧ ውኃ በቀጥታ አይገባም። ሰውን የማይጎዳው ክሎሪን፣ ከቧንቧው የሚታጠበው መዳብ፣ አረም የሚያፋፋው ፎስፌት ሁሉ ለኮራል ጠላት ነው። ስለዚህ ውኃው መጀመሪያ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያልፋል። ከዚያ በንጹሕ በርሜል ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይጨመርበታል፤ የወጥ ጨው አይሆንም፣ ኮራል የሚፈልጋቸው ማግኒዥየምና ካልሲየም የሉበትም። ለ200 ሊትር 7 ኪሎ ግራም ገደማ ጨው ይገባል። ፓምፕና ማሞቂያ ተከትቶበት ሲማሰል ካደረ በኋላ ጨዋማነቱ ሪፍራክቶሜትር በሚባል መሣሪያ ይለካል። የሚፈለገው ከሺህ 35 ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ከገንዳው በቀን ሁለት ሦስት ሊትር ሊተን ይችላል፤ የሚተነው ግን ውኃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። ስለዚህ የጎደለውን በጨው ውኃ የሞላ ሰው ገንዳውን ቀን በቀን ያመርረዋል። የተነነው በተጣራ ጨው አልባ ውኃ ይተካል፤ ጨው ያለበት ውኃ የሚገባው አሮጌው ተቀድቶ ሲለወጥ ብቻ ነው።

ብርሃን፣ ሞገድ፣ አረፋ

ብዙዎቹ የሪፍ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባል በዓይን የማይታይ አልጌ ያኖራሉ። አልጌው በብርሃን ምግቡን ይሠራል፣ ከሠራው ላይ ለባለቤቱ ያካፍላል፤ ኮራል ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ከዚህ ኪራይ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ በኮራል ገንዳ መብራት ጌጥ ሳይሆን ቀለብ ነው። ቀይ ብርሃን ባሕር ውስጥ ብዙ ሳይጠልቅ ይጠፋል፤ ሰማያዊው ግን ወደ ታች ይዘልቃል። የገንዳዎቹ የኤልኢዲ መብራት ወደ ሰማያዊ የሚያደላው በዚህ ምክንያት ነው። በቀን ከ8 እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዓታት ቢበራ ይበቃል።

ኮራል ሥር ሰዶ ያለ እንስሳ በመሆኑ ምግቡን ሄዶ አያመጣም፣ ቆሻሻውንም ሄዶ አይጥልም፤ ሁለቱንም የሚሠራለት ሞገድ ነው። በገንዳው ሁለት ጎን የሚለጠፉ ትንንሽ የሞገድ ፓምፖች ውኃውን እየተፈራረቁ ይገፉታል።

ሦስተኛው ዕቃ ፕሮቲን ስኪመር ነው። በቱቦው ውስጥ ከሥር ጥቃቅን አረፋ ይነሣል። ከዓሣ ኩስና ከትርፍ ምግብ የወጣው ፕሮቲን በአረፋው ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ አረፋው እየገፋ ወጥቶ ከላይ በተገጠመው ኩባያ ውስጥ ይፈሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩባያው ሲከፈት ውስጡ የጠቆረ፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ፈሳሽ ነው። ገንዳው ውስጥ ቢቀር ኖሮ በስብሶ መርዝ የሚሆነው እርሱ ነበር።

ባዶ የሚመስሉት ሳምንታት

ድንጋዩ ተደርድሮ፣ አሸዋው ተነጥፎ፣ ውኃው ከጠራ በኋላ ዓሣ ለመግዛት እጅ ያሳክካል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው ለዚህ ነው። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞንያ ያወጣል፤ አሞንያ ደግሞ ስንጥቡን አቃጥሎ ይገድለዋል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ይህን መርዝ የሚበላ ባክቴሪያ ገና የለም።

ስለዚህ ያለ ዓሣ ጥቂት የአሞንያ ጠብታ ወይም ቁራሽ የዓሣ ምግብ ይጨመርና ይጠበቃል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይኸኛው በመጠኑ ቢኖር ብዙ አይጎዳም። በመመርመሪያ ኪት ለሚከታተል ሰው ሂደቱ በግልጽ ይታያል፦ አሞንያው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ናይትራይቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ናይትሬቱ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ሁለቱ መርዞች ዜሮ ሳይገቡ ዓሣ አይገባም። የቀረው ናይትሬት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከውኃው 10 በመቶ ያህሉን በመለወጥ ይቀንሳል፤ ኦክስጅን በማይደርስበት የድንጋዩ ውስጠኛ ቀዳዳ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ያግዛሉ።

ከዚህ በኋላ አስቀያሚው ወቅት ይመጣል። አሸዋው ቡናማ ዱቄት ይለብሳል፤ ቀጥሎ ድንጋዩ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል። ብዙ ጀማሪ ተበላሸብኝ ብሎ መድኃኒት የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ትዕግሥትና ቀንድ አውጣ ነው።

ማን ቀድሞ ይግባ?

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው፤ አልጌ የሚግጡ ቀንድ አውጣዎችና ትርፍራፊ የሚለቅሙ ትንንሽ ሸርጣኖች። ቀጥሎ በእርባታ የተፈለፈሉ ጥንድ ክላውንፊሾች ጥሩ ጅማሬ ናቸው። ልጆች ከካርቱን ፊልሙ ወስደው ኒሞ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው። ከጥንዶቹ ትልቋ ሴት ናት፤ እርሷ ከሞተች ወንዱ ጾታውን ለውጦ በቦታዋ ይተካል። የቀይ ባሕር ባለ ሁለት መቀነቱ ክላውንፊሽም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በዚያው ፊልም ዶሪ በመባል የታወቀው ሰማያዊ ታንግ ግን እስከ 30 ሴንቲሜትር ያድጋልና ለ200 ሊትር ገንዳ አይሆንም።

ከኮራል መጀመሪያ የሚገቡት ለስላሶቹ ናቸው፤ እንጉዳይ ኮራልና ሌዘር ኮራል ስሕተትን ይታገሣሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ዩፊሊያ ያሉ ትልልቅ ፖሊፕ ያላቸው ይከተላሉ። ቅርንጫፋሙ አክሮፖራ ውኃው ለረጅም ጊዜ ሳይለዋወጥ ካልቆየ በቀር አይኖርምና ዓመት ገደማ ቢቆይ ይሻላል።

አዲስ እንስሳ የመጣበት ከረጢት መጀመሪያ ገንዳው ላይ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይንሳፈፋል፤ ሙቀቱ ይስተካከላል። ከዚያ እንስሳው ወደ ዕቃ ተዛውሮ በቀጭን ቱቦ የገንዳው ውኃ ጠብ ጠብ ይልበታል። የከረጢቱ ውኃ ወደ ገንዳው አይጨመርም፤ በሽታ ይዞ ይመጣል። ዓሣውንም ለብቻው ገንዳ ለሳምንታት ማቆየት ያዋጣል። ዓሣን የሚይዘው የነጭ ነጠብጣብ በሽታ መድኃኒት መዳብ ነው፤ መዳብ ዋናው ገንዳ ውስጥ ከገባ ግን ኮራሉን፣ ሸርጣኑንና ቀንድ አውጣውን ይፈጃል።

ኮራሎቹም እርስ በርስ ይጣላሉ። ቀን ዝም ብሎ የተቀመጠ ጋላክሲያ የሚባል ኮራል መብራት ሲጠፋ ረዣዥም ክሮች ዘርግቶ ጎረቤቱን ይናደፋል። ጠዋት የተነደፈው ኮራል ቆዳው ተገፎ ነጭ አጥንቱ ይታያል። ስለዚህ ሲተከሉ ሩቅ ለሩቅ ነው።

የኖራው ሒሳብ

ኮራሉ ማደግ ሲጀምር ለቤቱ መሥሪያ ከውኃው ካልሲየምና ካርቦኔት ይመዛል። ባሕር ሰፊ ነውና አይሰማውም፤ 200 ሊትር ግን ይሰማዋል። ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ የካርቦኔቱ መለኪያ የሆነው አልካሊኒቲ ከ7 እስከ 11 ዲኬኤች፣ ማግኒዥየም 1,300 ሚሊ ግራም አካባቢ መሆን አለበት። የጎደለው በኖራ ውኃ ወይም በተዘጋጀ ፈሳሽ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይተካል። ቁጥሩን ከፍ ከማድረግ ይልቅ አለመዋዠቁ ይበልጣል፤ ባንድ ቀን የተስተካከለ አልካሊኒቲ ከጎደለው የባሰ ይጎዳል።

ሊዘነጉ የማይገባቸው አደጋዎች

ዞአንቲድ የሚባሉት ባለ ቀለም ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አላቸው። ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነኩም፤ የበቀሉበትን ድንጋይ መቀቀል ደግሞ መርዙን በእንፋሎት ወደ ቤተሰቡ ሳንባ መላክ ነው።

ሁለተኛው አደጋ መብራት መጥፋት ነው። ሞገዱ በቆመ በሰዓታት ውስጥ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከመጀመሪያው ቀን መገዛት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ይህ ይበልጥ ያሳስባል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚይዘው ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሰላሙ ጊዜም የውኃው ገጽ በደንብ መናወጥ፣ የዓሣውም ቁጥር ማነስ ይኖርበታል።

ከባሕር ወይስ ከእርባታ?

በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዓሣን ሳያናይድ በተባለ መርዝ አደንዝዞ መያዝ ተለምዶ ሪፉን ገድሏል። ጠንካራ ኮራሎች በሙሉ አገሮች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን ለመቆጣጠር በተፈራረሙት የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ናቸውና ያለ ፈቃድ ከአገር አገር አይሻገሩም፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ኤይላት ዳርቻ ላይ የሞተ የኮራል ስባሪ እንኳ አንስቶ መሄድ በእስራኤል ሕግ የተከለከለ ነው።

ደግነቱ ከባሕር መውሰድ የግድ አይደለም። ኮራል ቅርንጫፉ ተቆርጦ በሙጫ ድንጋይ ላይ ሲለጠፍ ራሱን የቻለ ኮራል ይሆናል፤ አርቢዎች የሚለዋወጡትና የሚሸጡት ይህንኑ ነው። ክላውንፊሽ ለአሥርተ ዓመታት በእርባታ ሲፈለፈል ኖሯል። አይቻልም ይባል የነበረው ቢጫ ታንግ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 በሃዋይ በእርባታ አድጓል። እንግዲህ ገዢ ሲጠይቅ ሻጭ ያመጣል፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ “ይህ ከእርባታ ነው ከባሕር?” የሚለው ነው።

መተው የፈለገ ሰውም በአግባቡ ይተው። የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ተወላጅ የሆነው ላየንፊሽ በ1985 በፍሎሪዳ ዳርቻ ታየ። ከቤት ገንዳ የተለቀቀ መሆኑ ይታመናል፤ ዛሬ ካሪቢያንን ሞልቶ የአገሩን ዓሣ እየጨረሰ ነው። የሰለቸን ዓሣ ወደ ሱቅ መመለስ ወይም ለሌላ አርቢ መስጠት እንጂ ወደ ባሕር፣ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ መልቀቅ አይገባም።

ገንዳ ልግዛ ብለው የሚያስቡ አንባቢ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚገዙት መስተዋት፣ ድንጋይ፣ ጨውና መመርመሪያ ኪት ብቻ ይሁን። ዓሣውን ኪቱ ሁለት ዜሮ ሲያሳይ ይገዙታል።