የተሰወረ ፋይል ሁሉ የጠፋ ፋይል አይደለም
የፋይል አያያዝና የትዕዛዝ መስመር መሠረታዊ ዕውቀት ለጤና ባለሙያዎች

መግቢያ

በካርድ ክፍል የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሕመምተኛ ካርድ ብዙውን ጊዜ «ጠፋ» የሚባለው ከግቢው ወጥቶ ሳይሆን ከመደርደሪያው ተነሥቶ በሌላ ቦታ ስለተቀመጠ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ ፋይልም እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ የሚፈልገውን ፋይል በመስኮቱ ላይ ያጣ ባለሙያ ፈጥኖ ተስፋ ይቆርጣል፤ አንዳንዴም ዲስኩን «ፎርማት» ያስደርግና በእጁ የነበረውን መረጃ በገዛ ፈቃዱ ይደመስሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፋይል እንዴት እንደሚሰየምና እንደሚቀመጥ፣ ከእይታ ሲሰወርም በትዕዛዝ መስመር እንዴት እንደሚፈለግ ባጭሩ ማስረዳት ነው።

የፋይል ስምና አድራሻ

እያንዳንዱ ፋይል ሙሉ አድራሻ አለው። አድራሻው ከዲስኩ መለያ ፊደል ይጀምርና በፎልደሮቹ ስም አልፎ በፋይሉ ስም ያበቃል። ከስሙ ቀጥሎ ከነጥብ በኋላ የሚመጡት ጥቂት ፊደላት የፋይሉን ዓይነት ያመለክታሉ። ዊንዶውስ ግን ካልታዘዘ በቀር እነዚህን ፊደላት አያሳይም። በዚህም ምክንያት የሰነድ ሥዕል የለበሰ ጎጂ ፕሮግራም በመስኮቱ ላይ ተራ ጽሑፍ ሊመስል ይችላል።

ስም ሲሰጥ ሦስት ነገሮች ቢጠበቁ ይበጃል። አንደኛ፣ ቀኑ ከዓመት ጀምሮ በወር አልፎ በቀን ይጻፍ፤ ወርና ቀንም ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይሁኑ። ኮምፒዩተር ስሞችን ከግራ ጀምሮ ስለሚያነጻጽር ፋይሎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። የእኛና የአውሮፓውያን አቆጣጠር ግን በአንድ ፎልደር ውስጥ ሊደባለቁ አይገባም፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት መዝገቡን ያዛባልና። ሁለተኛ፣ የሕመምተኛ ስም የፋይል ስም አይሁን፤ ፋይሉን ሳይከፍት ዝርዝሩን ያየ ሁሉ ምሥጢሩን ያውቃልና። ሦስተኛ፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ» እያሉ ከመሰየም ይልቅ ተራ ቁጥር መስጠት ይሻላል።

የትዕዛዝ መስመር

የግል ኮምፒዩተር በሥዕልና በማውዝ ሳይሆን በሚጻፍ ትዕዛዝ ይሠራ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኤምኤስ ዶስ በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር፤ የፋይል ስምም ከስምንት ፊደላትና ከሦስት የዓይነት ፊደላት እንዲበልጥ አይፈቅድም ነበር። የትዕዛዝ መስመር በዊንዶውስ ውስጥ ዛሬም አለ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ «አር»ን በመጫን፣ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የተባሉትን ፊደላት ጽፎ ኢንተር ሲሉ ይመጣል። ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ የምናሰፍረው አነባበባቸውን ነው።

«ዲር» በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ይዘረዝራል። «ሲዲ» ወደ ሌላ ፎልደር ያሻግራል። «ኤምዲ» አዲስ ፎልደር ይፈጥራል። «ኮፒ» ይቀዳል፤ «ሬን» ስም ይለውጣል፤ «ዴል» ይሰርዛል። በስሙ መካከል ክፍት ቦታ ያለው ፋይል በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ መግባት አለበት። ጀማሪ በ«ዲር» ቢለማመድ ይመረጣል፤ አይቶ ከመንገር በቀር የሚለውጠው ነገር የለምና። በ«ዴል» ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል፤ የተሰረዘው ፋይል ሪሳይክል ቢን ወደሚባለው ቅርጫት አይገባም።

ፎልደሮቹ የተሰወሩበት ፍላሽ ዲስክ

ብዙዎቻችን የምናውቀውን አንድ ችግር እንመልከት። አንድ ሐኪም የመመረቂያ ጥናቱን መረጃ የያዘ ፍላሽ በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል። በማግስቱ ሲከፍተው ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ «ሾርትከት» ተለውጠዋል። ይህ በአብዛኛው እውነተኞቹን ፎልደሮች ሰውሮ በስማቸው የሐሰት አቋራጭ የሚያስቀምጥ ቫይረስ ሥራ ነው። አቋራጩን መክፈት ቫይረሱን ማስነሣት ስለሆነ መነካት የለበትም።

ፍላሹ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ምርመራ ይቅደም። የፍላሹ መለያ ፊደል «ኢ» ነው እንበል። ፊደሉን ከሁለት ነጥብ ጋር ጽፎ ኢንተር ይባላል፤ ከዚያም «ዲር /ኤ» ይጻፋል። ይህ ትዕዛዝ የተሰወሩትን ጭምር ይዘረዝራል። ፎልደሮቹ በዝርዝሩ ላይ ከታዩ አልጠፉም። በመጀመሪያ ቫይረሱ በጸረ ቫይረስ ይወገድ፤ ቀጥሎም የሚከተለው ትዕዛዝ ይሰጥ፦

አትሪብ -ኤች -ኤስ /ኤስ /ዲ *.*

«አትሪብ» የሚጻፈው ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ቢ በተባሉት ፊደላት ነው። «-ኤች» የመሰወርን ምልክት ያነሣል፤ «-ኤስ» ደግሞ ፋይሉን የሥርዓቱ አካል ያስመሰለውን ምልክት ያነሣል። ሁለቱ ምልክቶች አብረው ካሉ አንዱን ብቻ ለማንሣት መሞከር ውጤት ስለማይሰጥ በአንድነት ይታዘዛሉ። ከቀሩት ሁለቱ «/ኤስ» ትዕዛዙ ወደ ውስጠኛዎቹ ፎልደሮች እንዲዘልቅ፣ «/ዲ» ደግሞ በፎልደሮቹ በራሳቸውም ላይ እንዲሠራ ያደርጋል። ከዚህ በኋላ ፎልደሮቹ በመስኮቱ ላይ ተመልሰው ይታያሉ፤ ወዲያውኑም ወደ ንጹሕ ዲስክ ሊቀዱ ይገባል።

ስረዛና ምሥጢር ጥበቃ

በብዙ ፍላሽ ዲስኮች ላይ ፋይል ሲሰረዝ የሚፋቀው የማውጫው መስመር እንጂ ይዘቱ አይደለም፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። ከዚህ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። በስሕተት የሰረዘ ሰው በዚያው ዲስክ ላይ አንዳች ነገር ሳይጽፍ ፋይሉን እንዲያስመልስለት ባለሙያ ይፈልግ። የሕመምተኛ መረጃ የነበረበትን ፍላሽ ለሌላ የሚሰጥም «ሰርዣለሁ» ብሎ አይተማመን፤ የተሰረዘው በሌላ እጅ ሊነሣ ይችላልና።

ማጠቃለያ

ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ቅጂ ነው። አስፈላጊ መረጃ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከሥራ ቦታ ውጭ ሆኖ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ቢቀመጥ አንድ ቫይረስ ወይም አንድ ሌባ ሁሉንም አያጠፋም። የልብ ምቱን ሳይዳስስ «ሞቷል» የሚል ሐኪም እንደሌለ ሁሉ፣ «ዲር /ኤ» ሳይባል «ጠፍቷል» ሊባል አይገባም። ከእያንዳንዱ ፋይል ጀርባ ታሪኩን አንድ ጊዜ ብቻ የነገረን ሕመምተኛ አለ።