ጧሪ ለማን ይከፈለዋል? የአረጋዊ ወላጅ እንክብካቤ ወጪና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» የሚለው ምርቃት በሀገራችን የእርጅና ዘመን ዋስትና ልጅ መሆኑን ባጭሩ ይገልጻል። በበለጸጉት ሀገሮች ራሱን መርዳት የተሳነው አረጋዊ በወር ክፍያ የሚኖርባቸው ተቋማት አሉ። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ግን መጦሪያው የልጅ ቤት ወይም አረጋዊው የኖረበት ጎጆ ነው። በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መርጃ ማዕከላት ቢኖሩም የተቋቋሙት ከፍሎ ለሚኖር ሳይሆን ጧሪ አጥቶ ለወደቀ ሰው ነው። ይሁን እንጂ እንክብካቤው በቤት ይፈጸማል ማለት ያለ ወጪ ይፈጸማል ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወጪው ከየት እንደሚሸፈንና የጤና ባለሙያው ቤተሰቡን እንዴት ሊረዳ እንደሚችል ማብራራት ነው።

ወጪው የሚጀምረው ታማሚው ወደ ቤት ሲመለስ ነው

ለአብነት ያህል፣ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈ አንድ ገበሬ በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካላቸው ሰንፎ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል መጡ እንበል። ከዚያም ወደ ጎንደር ሪፈር ይጻፍላቸዋል፤ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቤተሰቡ ለመጓጓዣ፣ ለአስታማሚ ማደሪያና ከውጭ ለሚገዛ መድኃኒት ሲል በሬ ይሸጣል። አባት ሕይወታቸው ቢተርፍም መራመድ ሳይችሉ ይመለሳሉ። የበሬው ዋጋ በጥቂት ሳምንታት አልቋል፤ መመገቡ፣ ማጠቡና ማገላበጡ ግን ለዓመታት ይቀጥላል። በሬው ስለሌለም የሚቀጥለው ክረምት እርሻ ይታጐላል።

ከዚህ በተጨማሪ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የምታስታምመው ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ትምህርቷን ወይም የገበያ ሥራዋን ስትተው ያጣችውን የሚቆጥርላት የለም። በከተማ ወይም በውጭ ሀገር ያለው ልጅ ገንዘብ ይልካል፤ ነገር ግን የሚላከው ገንዘብ ለመድኃኒት እንጂ ለአስታማሚዋ ድካም አይታሰብም። በዚህ ሳቢያ በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከል የሚነሳው ቅሬታ በመጨረሻ የሚያርፈው በታማሚው ላይ ነው።

የወጪው ምንጮች

ሀ. መሬት። ማረስ ያቃተው ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ወይም በኪራይ ይሰጣል፤ በየዓመቱ የሚገባው እህልም የእርሱ ጡረታ ነው። መሬት ከሌለ ይህ ጡረታ ይቋረጣል። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከግጭ ተነሥተው በደባርቅ ከተማ የሰፈሩትን አረጋውያን ማሰብ ይበቃል፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ካሳ በየዓመቱ የሚታፈሰውን ገብስ አይተካም። መሬትን ለሚጦር ሰው በስጦታ ወይም በኑዛዜ ማስተላለፍም የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ስለ ታማሚው የአእምሮ ሁኔታ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። በኢንፌክሽን ወይም በውኃ እጥረት የመጣ መቃዠት ሲታከም የሚመለስ ስለሆነ፣ ታማሚው ሳይነቃ ምንም ዓይነት ፊርማ ወይም የጣት አሻራ እንዳይወሰድ መምከር ይገባል።

ለ. የጤና መድኅን። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከእነዚህም በአማራ ክልል የሚገኙት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። መድኅኑ የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምናን ይሸፍናል፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆችም መዋጮው በመንግሥት ይሸፈናል። የአስታማሚን ድካም፣ ዳይፐርንና የመኪና ኪራይን ግን አይከፍልም። የሪፈራል ሥርዓቱን ያልጠበቀ ታማሚም ሙሉ ሽፋን አያገኝም፤ በመሆኑም በትክክል የተጻፈ ሪፈር ለቤተሰቡ የገንዘብ ዋጋ አለው።

ሐ. የጡረታ አበልና ሴፍቲ ኔት። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ አረጋዊ አበል ያገኛል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ልጅ ሲሞት፣ በእርሱ ይረዱ የነበሩ ወላጆች የተተኪ ጡረታ ሊጠይቁ መቻላቸው ነው። እንዲሁም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲ ኔት በታቀፉ ወረዳዎች ጉልበትም ረዳትም ለሌላቸው አረጋውያን ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል።

መ. ቀለብ። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ልጆች ሠርቶ መኖር ለተሳነው ችግረኛ ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ቀለብ ሲባል ምግብ ብቻ ሳይሆን መኖሪያ፣ ልብስና ሕክምናም ይጨምራል። ልጅን መክሰስ ነውር ተደርጎ ስለሚታይ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እምብዛም አይደርስም፤ ሆኖም ሽማግሌዎች ልጆቹን ሲያስማሙ ሕጉን መጥቀሳቸው ይጠቅማል።

ሠ. እድር። እድር ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ደጀን ቢሆንም በተለመደው አሠራሩ ለቀብርና ለኀዘን እንጂ በሕይወት ላለ አረጋዊ አይከፍልም። በአጭሩ ቀባሪው ሲታገዝ ጧሪው ብቻውን ቀርቷል። የእድር ዳኞች ለአልጋ ቁራኛ አባሎች ጥቂት እንዲመድቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቢያነጋግሯቸው መልካም ነው።

ከጤና ባለሙያው ምን ይጠበቃል?

1. ታማሚው ከመውጣቱ በፊት «ማን ያስታምማል? በምን ገቢ?» ብሎ መጠየቅና የአስታማሚውን ስም በካርዱ ላይ መጻፍ።

2. ሪፈር ሲታሰብ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ለቤተሰቡ በግልጽ መንገር። የሚድን ሕመም ሳይዘገይ መላክ አለበት፤ ከተስፋው ይልቅ ወጪው በሚያመዝንበት ጊዜ ግን በሬው ከመሸጡ በፊት ቤተሰቡ እውነቱን ማወቅ ይገባዋል።

3. አስታማሚዋን በተግባር ማሠልጠን። ታማሚውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ቀና አድርጎ መመገብ፣ ቆዳን ደረቅ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቁም። የመኝታ ቁስል ከወጣ በኋላ ግን የሚያስወጣው ብዙ ነው። በደጋው ብርድ ታማሚው ወደ ምድጃ ሲጠጋ፣ ስሜት ያጣው እግር እንዳይቃጠል ማስጠንቀቅም ያስፈልጋል።

4. የደም ግፊት መድኃኒት ሳይቋረጥ በጤና መድኅን የሚገኝበትን መንገድ ማመቻቸት። ሁለተኛ ስትሮክ የመጀመሪያውን ወጪ እንደገና ያስጀምራል።

5. ታማሚውን ራሱን ወደ መርዳት የሚመልስ ሕክምና ማስቀደም። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ነበር። በመሪ ይሄዱ የነበሩ እናት በአጭር ቀዶ ሕክምና ብርሃናቸው ሲመለስ፣ መሪ የነበረችው የልጅ ልጅም ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች።

6. አስታማሚዋንም እንደ ታማሚ መጠየቅ። የወገብ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና ድባቴ እርሷን ከጣሏት ቤቱ ሁለት ታማሚ ይኖረዋል።

ማጠቃለያ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። ያ አቅም እስኪደርስ ድረስ ሸክሙ በልጆች፣ ይበልጡንም በሴቶች ልጆች ትከሻ ላይ ነው። የጤና ባለሙያው ወጪውን መክፈል አይችልም። ሆኖም ቤተሰቡ ያለውን ጥሪት በመጀመሪያው ሳምንት እንዳይጨርስ፣ መብቱንም ሳያውቅ እንዳይቀር ሊረዳው ይችላል። ይህ ምክር ከሚጻፈው መድኃኒት የማይተናነስ የሕክምናው አካል ነው።