አንዲት ጠባብ መስመር ለሃያ ተማሪ

አምደወርቅ በዋግ ኽምራ ደጋ የምትገኝ የደሃና ወረዳ ከተማ ናት። ተራራና ገደል በሚፈራረቁበት እንዲህ ባለ ምድር ገመድ መዘርጋት አዳጋች ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው ወረዳ ኔት ብዙ የአገራችንን ወረዳዎች በሳተላይት ያገናኘውም በዚሁ ምክንያት ነበር። የሳተላይት መስመር ግን ውድም ጠባብም ነው። ታዲያ በእንዲህ ያለ ሥፍራ የሚገኝ ትምህርት ቤት መስመሩን ለተማሪዎቹ እንዴት ያካፍላል?

አስቀድመን ፊዚክሱን እንመልከት። ከምድር ወገብ በላይ ባለበት የቆመ የሚመስለው ሳተላይት ከፍታው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢጓዝም፣ ወጥቶ ለመውረድ 0.24 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ጥያቄና መልስ ሲደመሩ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋሉ። ይህን መዘግየት ማንም መሐንዲስ አያሳጥረውም፤ የሚቻለው ምልልሱን መቀነስ ነው።

ፕሮክሲ ሰርቨር በተጠቃሚዎችና በኢንተርኔት መካከል የሚቆም እንደራሴ ኮምፒውተር ነው። ተማሪው የሚጠይቀው እርሱን ነው፤ እርሱም ከውጭ ያመጣውን በጎተራው ያስቀምጣል። መስመራችን በሰከንድ 256 ኪሎ ቢት ነው እንበል። አንድ ሜጋ ባይት ጽሑፍ ለማውረድ 31 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ሃያ ተማሪዎች ያንኑ ጽሑፍ በየግላቸው ቢጠይቁ ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ፕሮክሲው ካለ ግን አንዴ ይመጣና የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ከጎተራው በቅጽበት ይወስዳሉ።

ለዚህ ሥራ የታወቀው ስኩዊድ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያገለግላል። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊጫን ይችላል፤ አንዱ ካርድ ወደ ሳተላይቱ ሞደም፣ ሌላው ወደ ክፍሉ ስዊች ይያያዛል። ማን፣ መቼ፣ ወዴት እንደሚገባ በደንብ ይወሰናል። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ መጀመሪያ የገጠመው ደንብ ይፈርዳል። እኛም በጀማሪነታችን «ሁሉን ከልክል» የሚለውን ከላይ ጽፈን ግማሽ ቀን ገመድ ስንፈትሽ ውለናል።

ዛሬ አብዛኛው ገጽ የተመሰጠረ በመሆኑ ፕሮክሲው ይዘቱን አያይም፤ አያስቀምጥምም። ስለሆነም ጎተራው ሳስቷል። ዊኪፔድያን የመሰለ መድብል በኪዊክስ አማካይነት በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ መጫን የተሻለ ይመስለናል። ለፕሮክሲው የቀረው ዋና ሥራ ፍጥነትን ማከፋፈልና ተጠቃሚን መለየት ነው።

መለየት ሲባል ግን መመዝገብም አለ። የተመሰጠረ ቢሆንም እንኳ የትኛው ኮምፒውተር በስንት ሰዓት ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሄደ በመዝገቡ ይቀራል። ስለ ሕመሟ በድብቅ ያነበበች ተማሪ እዚያ ውስጥ አለች። መዝገቡን ማን እንደሚከፍተው፣ በስንት ቀን እንደሚጠፋ ለተማሪዎቹ በግልጽ ሳይነገር ሰርቨሩ ሥራ እንዲጀምር አንመክርም።